ሰሙን አትጣሉት፦ ስለ ሥዕል አነባበብ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ያንተን ትምህርት የሚመለከት ነው፤ አንብበውና የሚሰማህን ንገረኝ» ብሎ ስለ ሥዕል አነባበብ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰጠኝ። እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሥዕል አስተምራለሁ። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ከአውሮፓ ህዳሴ ዘመን ተነሥተው፣ ኢምፕሬሽኒዝምና ኩቢዝም በተባሉት የሥዕል ንቅናቄዎች አልፈው፣ የሚታይን ነገር ቀጥታ የማይመስለው ረቂቅ ሥዕል እስከሚባለው ድረስ ይሄዳሉ፤ በየመሐሉም ወደ አገራችን ሥዕል እየተመለሱ ያነጻጽራሉ። በአማርኛ ስለ ሥዕል በዚህ ያህል ዝርዝር የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነውና ልፋታቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን ጽሑፉ ተማሪዎቼም እጅ ገብቷል። ሁለቱ የቤት ሥራቸውን በእርሳቸው መንገድ ሠርተው አመጡልኝ። ያኔ ዝም ማለት እንደማይገባኝ ተረዳሁ።

የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ሥዕል ሁሉ ሰምና ወርቅ ስለሆነ አንባቢው ሰሙን ጥሎ ወርቁን መያዝ አለበት። ለዚህም እያንዳንዱ ቀለምና እያንዳንዱ ዕቃ የታወቀ ፍቺ አለው ብለው ዝርዝር ሰጥተዋል፦ ቀይ ሰማዕትነት፣ አረንጓዴ ተስፋ፣ ሰማያዊ ሰማይ፣ ውሻ ታማኝነት፣ በሬ ፋሺዝም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ዘይቤ የሌለው፣ ርቀትን ማሳየት ካለመቻል የተነሣ እንደ ሕፃን ሥራ ጠፍጣፋ የሆነ ነው ይላሉ። የሥዕል ንቅናቄዎች እንደ መሰላል አንዱ ካንዱ በላይ የሚወጡ ናቸው፤ እኛ ታችኛው እርከን ላይ ቀርተናል ይላሉ። ረቂቅ ሥዕል ደግሞ የራሱ ፍቺ ስለሌለው ሁሉም እንደወደደው ይተርጉመው ብለዋል። በመጨረሻም ሰሜን ሸዋ ከአንድ ጣሪያና ከአንድ ሠዓሊ በቀር ለሥዕል ያበረከተው የለም፤ ሠዓሊውም የአውሮፓ ተማሪ ነው ሲሉ ደምድመዋል።

ከጣሪያው ልጀምር። ጸሐፊው «በሰሜን ሸዋ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተሳሉት መላእክት» ብለዋል። ያ ጣሪያ ያለው ጎንደር ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ቀዳማዊ ኢያሱ ናቸው፤ ድርቡሾች እ.ኤ.አ. በ1888 ጎንደርን ሲያቃጥሉ እርሱ ከቃጠሎው ተርፏል። የእኛ ከተማ ስሟ ደብረ ብርሃን ሆኖ የሥላሴ ቤተ ክርስቲያንም ስላላት የስሙ መመሳሰል ብዙ ሰው ያሳስታል፤ በዚህ ጸሐፊውን አልወቅስም። የሚያሳዝነኝ ስሕተቱ የእኛን የራሳችንን ታሪክ መሸፈኑ ነው። ይህችን ከተማ የቆረቆሩት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ ስሟም በሰማይ ከታየው ብርሃን ጋር ተያይዞ ይነገራል። ንጉሡ የመጨረሻ ዘመናቸውን እዚሁ ኖረው በ1468 እ.ኤ.አ. እዚሁ ዐረፉ። የእመቤታችንን 33 በዓላት ያስከበሩ፣ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያደረጉ እርሳቸው ናቸው። ምእመኑ በሥዕለ ማርያም ፊት ቆሞ እንዲጸልይ የሚያደርገው ሥርዓት በእርሳቸው ዘመን ጸና። ስሙን በሥራው ላይ የጻፈው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ማርያም ልጇን ታቅፋ፣ ሚካኤልና ገብርኤል በግራና በቀኝ ቆመው የሳለው በዚሁ ንጉሥ ዘመን ነው። ታዲያ ሥዕለ ማርያምን እንዲህ ያከበረው ቤተ መንግሥት መጨረሻ የተቀመጠባት ከተማ እንዴት ከሥዕል ታሪክ ውጪ ትሆናለች?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ሰምና ወርቁ ልግባ። ጸሐፊው ይህን ምሳሌ መምረጣቸው ደስ አሰኝቶኛል፤ የራሳችን ነውና። ነገር ግን ቃሉ የመጣበትን የአንጥረኛ ሥራ አላስተዋሉትም። አንጥረኛው በመጀመሪያ ሰሙን በሚፈልገው ቅርጽ ያበጃል። መስቀል ከሆነ የመስቀሉን ሐረግ፣ የጆሮ ጌጥ ከሆነ የጌጡን ጠብታ በሰም ላይ ይሠራል። ከዚያ በጭቃ ይለብጠዋል። እሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በተወው ባዶ ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። ወርቁ መልክ ያገኘው እንግዲህ ከሰሙ ነው። ሰሙ ላይ ያልተቀረጸ ሐረግ ወርቁ ላይ አይገኝም። ቅኔም እንደዚሁ ነው፤ ሰሙን በደንብ ያላየ ተማሪ ወርቁን አገኘሁ ቢል መምህሩ አይሰማውም። በሥዕል ሰሙ ዘይቤው ነው፦ መስመሩ፣ የቀለሙ አቀባብ፣ የሰዎቹ አቋቋም፣ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ ሥዕሉ ምን ያህል እንደሆነና የት እንደተሰቀለ። ይህን ሁሉ ጥለን «በሬው ምንን ይወክላል?» ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱን ያገኘነው ከሥዕሉ ሳይሆን ከዝርዝሩ ነው።

ይህን ለማሳየት አንደኛዋን ተማሪዬን ልጥቀስ። ስፔናዊው ሠዓሊ ፒካሶ በቦምብ ስለተደበደበች የስፔን ከተማ ስለሳለው «ጌርኒካ» ጻፈች። «በሬው ፋሺዝም፣ ፈረሱ ሕዝብ፣ መብራቱ ተስፋ» አለችና ጨረሰች። «ሥዕሉ ምን ምን ቀለም አለው?» አልኳት። ዝም አለች። መጽሐፉን ከፍተን አብረን አየነው፤ ቀይ የለም፣ ሰማያዊ የለም፣ ጥቁርና ነጭ ግራጫም ብቻ። ስለ ጦርነት በተሳለ ሥዕል ውስጥ አንዲት የደም ጠብታ አለመኖሯን ያኔ አየች። ፒካሶ የጌርኒካን መደብደብ የሰማው ፓሪስ ሆኖ በጋዜጣ ነው፤ የዚያ ዘመን ጋዜጣ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ነው። የፈረሱ ገላ ላይ እንደ ጋዜጣ ዐምድ የተደረደሩ ጥቃቅን ሰረዞች አሉ። ከዚያ ሜትር አምጥተን መጠኑን በክፍላችን ግድግዳ ላይ ለካነው፤ ቁመቱ 3.49 ሜትር፣ ወርዱ 7.77 ሜትር ነው። ግድግዳችን አልበቃውም። «እንግዲህ እዚህ ፊት ብትቆሚ ከሥዕሉ ውስጥ ነሽ ወይስ ከውጪ?» ብዬ ስጠይቃት ለራሷ መለሰች፦ ከውስጥ።

በሬውን በተመለከተ ፒካሶ ራሱ ከጸሐፊው ዝርዝር ጋር አይስማማም። አንድ ጊዜ በሬው በሬ፣ ፈረሱም ፈረስ ነው ብሎ መልሷል። በሌላ ጊዜ ደግሞ ፈረሱ ሕዝቡ ነው፣ በሬው ግን ፋሺዝም አይደለም፣ ጭካኔና ጨለማ ነው ብሏል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ፋሺዝም የአንድ ዘመን የአንድ ፓርቲ ስም ነው፤ ጭካኔና ጨለማ ግን የማንም ቤት ሊገባ ይችላል። ሥዕሉን አንድ ፍቺ ላይ ከቸነከርነው ያን ስፋቱን እንነፍገዋለን።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያላነሡትን፣ እኔ ግን በሰሜን ሸዋ ምድር ላይ ቆሜ ሳላነሣው ማለፍ የማልችለውን ነገር ልበል። ጌርኒካ የተደበደበችው ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ነው። አውሮፕላኖቹ የጀርመንና የጣሊያን ነበሩ። ፒካሶ ሸራውን ሲሞላ የቆየው ግንቦትን ነው። በዚያው ግንቦት፣ በዚያው ዓመት፣ የጣሊያን ጦር ደብረ ሊባኖስ ገዳም ገባ። ግራዚያኒ ራሱ በላከው ቴሌግራም የተረሸኑትን መነኮሳት 297 ብሎ ቆጥሯል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ 129 ዲያቆናት ደብረ ብርሃን አጠገብ ተረሸኑ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እውነተኛው ቁጥር ከዚህ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ፓሪስ ውስጥ ፈረሱ እየተሳለ ሳለ እነዚያ ልጆች ወደዚህ ሜዳ እየተነዱ ነበር። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ «ጌርኒካ» የሩቅ አገር ሥዕል መሆኑ ቀረ። አንደኛው ልጅ «መምህር፣ የእኛን የሳለልን ማነው?» አለኝ። በዚያ መጠን፣ በዚያ ድፍረት ዲያቆናቱን የሳለ ሸራ እስካሁን አላየሁም። ይህን ጥያቄ የወለደው ሥዕሉን ራሱን ማየታችን ነው። «በሬ ማለት ፋሺዝም» ብለን ብንዘጋው ኖሮ አይወለድም ነበር።

ስለ ፍቺ ዝርዝሩ ገና የምለው አለኝ። ነጠላን እንውሰድ። ነጠላ አንድ ጨርቅ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ መስቀለኛ እናጣፋዋለን። ለቅሶ ቤት ስንሄድ ጥለቱን ወደ ላይ አዙረን አንገታችን ላይ እናውለዋለን። ለታላቅ ክብር ወገባችን ላይ እናደገድገዋለን። «ነጠላ ምንን ይወክላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ለኛ ለሸዋ ሰዎች ጥያቄው ራሱ ግራ ያጋባል፤ የሚናገረው አለባበሱ ነውና። ሥዕል ውስጥ ያለ ዕቃም እንዲሁ ነው።

የኢትዮጵያ ታሪክ ለዚህ ግሩም ምስክር አለው። ኒኮሎ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ አገራችን መጥቶ መርቆሬዎስ ተብሎ ከ40 ዓመት በላይ ኖሯል። እመቤታችንን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ ሳላት። በአገሩ ይህ የተለመደ፣ ማንም የማይገረምበት አሣሣል ነው። እዚህ ግን ሁከት ተነሣ ይባላል፤ እኛ ዘንድ ግራ እጅ የክብር እጅ አይደለምና ጌታን በግራ ማቀፍ እንደ ንቀት ተቆጠረ። ስለ ሠዓሊው በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ካህን አልቫሬዝ ጽፏል። አንድ ክንድ፣ አንድ እናት፣ አንድ ሕፃን፤ በቬኒስ የእናት ፍቅር፣ በሐበሻ ነውር። ጸሐፊው በየትኛው ዝርዝር ሊፈቱት ነው?

ሁለተኛው ተማሪዬ ስለ ሥዕለ ማርያም ሲጽፍ «ሰማያዊ ልብሷ ሰማይን ያመለክታል» አለ። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በህዳሴ ዘመን ጣሊያን ውስጥ ምርጡ ሰማያዊ ቀለም ይፈጭ የነበረው አፍጋኒስታን፣ ባዳክሻን ከሚገኝ ድንጋይ ነበር። ባሕርና በረሃ አቋርጦ የሚመጣ ስለሆነ እጅግ ውድ ነበር፤ ሥዕል የሚያሠሩ ሰዎች ከሠዓሊው ጋር በሚፈርሙት ውል ላይ ለእመቤታችን ልብስ የሚውለው ሰማያዊ ከየትኛው ደረጃ እንደሚሆን ሳይቀር ያስጽፉ ነበር። ለጣሊያኑ ተመልካች ያ ሰማያዊ በመጀመሪያ ስጦታ ነው፤ እኛ ለታቦት የምንሳለውን ውድ ግምጃ የመሰለ። ሰማይ የሚለው ፍቺ እዚያ ላይ ይጨመራል እንጂ ብቻውን አይቆምም።

ውሻውንም እንይ። ሠዓሊው ጃን ቫን አይክ በ1434 (የአውሮፓውን ዓመት ሁሉ በእ.ኤ.አ. እጽፋለሁ) የሳለው የአርኖልፊኒ ባልና ሚስት ሥዕል ውስጥ እግራቸው ሥር ቡችላ አለች፤ ጸሐፊው የታማኝነት ምልክት ያሉት እርሷን ነው። ፓኖፍስኪ የተባለው ሊቅ በ1934 ሥዕሉን ሙሉውን እንደ ጋብቻ ሰነድ አንብቦት ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ግን ብዙውን ነገር ተከራክረውበታል። ሴቲቱ ነፍሰ ጡር ትመስላለች፤ አይደለችም፣ በዚያ ዘመን ፋሽን ሰፊውን ቀሚሷን ሰብስባ ይዛ ነው ይላሉ። እንዲህ የሚያከራክር ሥዕል ውስጥ አንድ ቡችላ ላይ ማኅተም መምታት ለምን ያስቸኩላል? ቲሲያን በ1538 ገደማ አልጋ ላይ ተጋድማ በሳላት ሴት እግር ሥር ውሻ አስተኝቷል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማኔ በ1863 ያንኑ አቀማመጥ ወስዶ ሲስል ውሻዋን አስነሥቶ ጀርባዋን የቀሰረች ጥቁር ድመት አስገባ። የማኔን ድመት የሚረዳት የቲሲያንን ውሻ ያየ ሰው ነው። ምልክት ከሌሎች ሥዕሎች ጋርም ይነጋገራል።

አሁን በጣም ወዳሳዘነኝ ነጥብ ደርሻለሁ፤ «የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ዘይቤ የለውም፣ ጠፍጣፋ ነው» ወደሚለው። ርቀትን በመስመር የማሳየት ዘዴ ፍሎሬንስ ውስጥ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በብሩኔሌስኪ ተሞከረ፤ አልቤርቲ በ1435 ሕጉን ጻፈው። አልቤርቲ ሥዕልን ከመስኮት ጋር አመሳስሎታል። ተመልካቹ አንድ ቦታ ቆሞ፣ በአንድ ዓይን፣ በመስኮቱ አሻግሮ ያያል። ትልቅ ግኝት ነው፤ እኔም አስተምረዋለሁ። ነገር ግን የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል መስኮት እንዲሆን አልተፈለገም። ምእመኑ መቅደሱን ይዞራል፣ ይሰግዳል፣ ይሳለማል፤ አንድ ቦታ ተተክሎ አይቀርም። ሥዕሉም አሻግሮ የሚታይበት አይደለም፤ ሥዕሉ ነው ምእመኑን የሚያየው። በመቅደሱ በር ግራና ቀኝ ሰይፋቸውን መዘው የቆሙት መላእክት ዓይናቸው ትልቅ የሆነው፣ ወደ እኛ ቀጥ ብሎ የሚያየው ለዚህ ነው። ግርግዳው ወደ ኋላ እንዲርቅ ማን ፈለገ? ቅዱሱ ወደ ፊት እንዲቀርብ ነው የተፈለገው።

ዘይቤ ማለት ደግሞ ምርጫ ነው፤ ሠዓሊዎቻችንም ሕግ ነበራቸው። ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ በሁለት ዓይን ይሳላል። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ሰቃዮች በጎን ተስለው አንድ ዓይን ብቻ ይታያቸዋል። አማርኛችን ራሱ ይህን ያውቀዋል፤ «ፊት ሰጠው»፣ «ፊት ነሣው» እንላለን። ሠዓሊው ለጻድቁ ፊት ይሰጣል፣ ክፉውን ፊት ይነሣዋል። ክፉው በሁለት ዓይኑ ቢያየን ይጎዳናል የሚል ማብራሪያም ከአባቶች እንሰማለን። ሕጉ ግን እንደ ጸሐፊው ዝርዝር ድርቅ ያለ አይደለም፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረስ በጎን ይሳላል፣ ፈረሱንም ማንም ክፉ አይለውም። ይህንኑ ዘይቤ ሠዓሊዎቻችን ለአድዋ ድል ሲጠቀሙበት እዩ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጊዮርጊስ ዕለት ነውና ቅዱሱ ከላይ በሰማይ በፈረሱ ይታያል። ምኒልክ በጥላ ሥር፣ ጣይቱ በበቅሎ ወይም በፈረስ ላይ ሆነው ይታያሉ። የእኛ ወታደሮች ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ዞሯል፤ ጣሊያኖቹ በጎን ናቸው። ሠዓሊው ለፖለቲካ ዜና የቤተ ክርስቲያንን ሰዋስው ተውሶ «ይህ ጦርነት ምን ነበር?» ለሚለው መልስ ሰጥቶናል። አንጎለላ የተወለዱትን ንጉሥ ከቅዱሳን ተርታ ፊት ሰጥቷቸዋል። ይህ ሁሉ የተባለው በአንገት መዞር ብቻ ነው።

ጸሐፊው ስለ ሠዓሊዎቻችን «ቀድተው ነው የሚስሉት» ላሉት ደግሞ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ሮም፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ውስጥ ያለውን የእመቤታችንን ሥዕል ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ከ1569 ወዲህ እያባዙ ወደ ዓለም ሁሉ አሰራጩት፤ ወደ እኛም ደረሰ። ሠዓሊዎቻችን የተጣመሩትን እጆቿን፣ ጨርቅ የያዙትን ጣቶቿን፣ ሰማያዊ መጎናጸፊያዋን ወሰዱ። ጥላውንና ድብዝዝ ያለውን የፊት አሣሣል ተዉት፤ ዓይኗን አሰፉት፣ መስመሩን አጠነከሩት፣ ሁለቱን መላእክት ሰይፍ አስመዝዘው ከኋላዋ አቆሙላት። ምን እንደሚወስድና ምን እንደሚተው የሚያውቅ ሰው ቀጂ አይባልም።

መሰላሉን በተመለከተ ብዙ አልልም። ርቀት ማሳየት የላይኛው እርከን ከሆነ ፒካሶ በ1907 የአቪኞን ሴቶችን ሲስል ለምን ወረደ? ፓሪስ ሙዚየም ውስጥ ያያቸውን የአፍሪካ ጭምብሎች ተከትሎ ነው ፊቶቹን ጠፍጣፋና ሹል ያደረገው። ጸሐፊው የኛን «ያልበሰለ» ያሉትን ነገር ከአሥር መስመር በኋላ ፒካሶ ሲያደርገው «አብዮት» ብለውታል። ኢምፕሬሽኒዝምም ከሰማይ የወረደ የነፃ አእምሮ ፍሬ ብቻ አልነበረም፤ በ1841 የተፈጠረችው የቀለም ቱቦ ባትኖር ሠዓሊዎቹ ቀለማቸውን ተሸክመው ሜዳ መውጣት ባልቻሉ ነበር። ስሙም የመጣው በ1874 የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የሞኔን የጧት ወደብ ሥዕል አይቶ ከቀለደ አንድ ጋዜጠኛ ነው። ተማሪዎቼን ጧት አንኮበር ወስጄ ቁልቁል የአፋር ቆላ ላይ ጉሙ ሲገለጥ ሳሳያቸው፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ገደሉ ከወይን ጠጅ ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ፣ ሞኔ ለምን እንደቸኮለ ያለ ንግግር ይገባቸዋል።

ረቂቅ ሥዕል «ሁሉም እንደወደደው ይተርጉመው» መባሉ ሥዕሉንም ተመልካቹንም የሚያቃልል ነው። ሩስያዊው ሠዓሊ ማሌቪች በ1915 ፔትሮግራድ ላይ ጥቁር አራት ማዕዘኑን ሲያሳይ የሰቀለው እንደ ሌሎቹ በግድግዳው መሐል አይደለም፤ ሁለት ግድግዳ በሚገናኝበት ማዕዘን፣ ጣሪያው ሥር ነው። የሩስያ ኦርቶዶክሶች በቤታቸው ሥዕለ ቅዱሳን የሚሰቅሉት እዚያ ማዕዘን ላይ ነው። ወደ ኤግዚቢሽኑ የገባ ሩስያዊ ምን እንደተነካ ወዲያው ያውቃል። ሥዕለ ማርያምን በመጋረጃ የምንጋርድ እኛም ልናውቅ ይገባናል። ይህ እንደወደዱ የሚተረጎም ነገር አይደለም።

ከእኛም ገብረ ክርስቶስ ደስታ አሉ፤ ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምረው በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ አጋማሽ ረቂቅ ሥዕልን አዲስ አበባ ላይ በድፍረት ያሳዩ። አባታቸው አለቃ ደስታ ብራና የሚያስጌጡ ካህን ነበሩ። ልጁ «ጎልጎታ» ብለው ስቅለትን ሲስሉ ታሪኩን ለሚያውቅ ሕዝብ ታሪኩን መድገም አላስፈለጋቸውም። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ በብራና ክታብ ላይ ከሚሳለው ጠልሰም ብዙ ቀድተዋል። ጠልሰምን ያየ ሰው ረቂቅ ሥዕል እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በብራና ጥቅልሉ ላይ ያሉት ዓይኖች፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከቦች፣ የተቆላለፉ ሐረጎች ማንንም አይመስሉም፤ ሥራቸው መመለስ ነው፣ ክፉውን ዓይን በዓይን መመለስ። የጥቅልሉ ርዝመት ደግሞ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይደረጋል፤ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው። ሥዕሉ ላይ የትም ቦታ «ጥበቃ» የሚል ምልክት የለም፤ መጠኑ ራሱ ጥበቃ ነው። ጸሐፊው ዘይቤንና ምልክትን በሁለት ምዕራፍ ከፍለው ማስቀመጣቸው እዚህ ላይ ሙሉ ለሙሉ ይፈርሳል።

ስለ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌም የግድ ልናገር። በጥቅምት 1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። በልጅነታቸው እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና ሊማሩ ነበር፤ ሥዕልን መርጠው ለንደን፣ ስሌድ የተባለው የሥዕል ትምህርት ቤት ገቡ። የአውሮፓ ተማሪ መሆናቸው እውነት ነው። ግን አፍሪካ አዳራሽ ገብታችሁ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን፣ የአህጉሪቱን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን የያዘውን የመስታወት ሥዕል ተመልከቱ። የቀለም መስታወት ሥራ ቁራጮቹን የሚያያይዝ ጥቁር መስመር ይፈልጋል፤ በመስመሩ መሐል ያለው ቀለም ንጹሕና ወጥ ነው። ጥቁር ክፈፍ፣ ወጥ ቀለም፣ ወደ ተመልካቹ የሚያዩ ትልልቅ ዓይኖች። አንኮበር ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ያደገ ልጅ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው አውሮፓ ነው ብዬ ላምን አልችልም። የአውሮፓ ካቴድራል መስታወት የሰጣቸው ብርሃኑን ነው፤ መስመሩን ይዘው የሄዱ ይመስለኛል።

አንድ የራሴን ነገር ጨምሬ ላብቃ። ያደግሁበት የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በሸማ ተስሎ የተለጠፈ የጸሎተ ሐሙስ እራት ነበር። ማን እንደሳለው የሚያውቅ የለም። ሐዋርያቱ ሁሉ ወደ እኛ ያያሉ፤ ጥግ ላይ ያለው አንዱ ብቻ ዞሯል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ልጅ ሳለሁ ክንዴን ይዛ፣ ጣቷን ሳትቀስር በአገጯ ብቻ እያመለከተች፣ «ያውልህ ይሁዳ፤ አየኸው? ፊቱን ነሥቶናል» ትለኝ ነበር። የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ አጥቢያው «ይታደስ» ተባለና ያ ሸማ ተላጠ። በምትኩ ከታተመ ፖስተር የተቀዳ፣ በሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም የተሳለ እራት ተሠራ። ጠረጴዛው ወደ ኋላ ይርቃል፣ ጥላው በቦታው ነው፣ ሰዎቹ ሁሉ ቆንጆ ናቸው፤ ጸሐፊው ቢያዩት እድገት ይሉት ይሆናል። በዓል ሆኖ እናቴን ይዣት ሄድኩ። ነጠላዋን አጣፍታ ረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ልጄ፣ ይሁዳ የትኛው ነው?» አለችኝ። እኔም ፊቶቹን አንድ በአንድ ፈለግሁ። የገንዘብ ከረጢቱን የያዘውን እጅ እስካገኝ ድረስ መልስ አልነበረኝም።